እምቢ ያለ ክዳን፦ ከጨንቻ ማር እስከ አርባ ምንጭ ዳጣ

ሕግ የተማረ ሰው ስለ ማር ጠርሙስ ክዳን ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ መልሴ አጭር ነው፡፡ ሕግ ከሚያስተምራቸው ነገሮች አንዱ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ወደ እርምጃ መሮጥ መዘዙ ለራስ መሆኑ ነው፡፡ በየወጥ ቤታችን ሳይመረመር እርምጃ ከሚወሰድባቸው ነገሮች መካከል ደግሞ አልከፈት ያለ ክዳን ግንባር ቀደሙ ነው፡፡ አንዱ በቢላዋ ጫፍ ሊፈለቅቀው ይታገላል፡፡ ሌላው ከድንጋይ ጋር ያጋጨዋል፡፡ በጥርሱ የሚሞክርም አለ፡፡ ትርፉ የተሸረፈ ጠርሙስ፣ የተቆረጠ መዳፍ፣ ሲብስም ስባሪ ገብቶበት የሚደፋ ማር ነው፡፡

ክዳን እምቢ የሚለው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም፡፡ አየር ተጭኖት ሊሆን ይችላል፣ ስኳር አጣብቆት ሊሆን ይችላል፣ ዝገት ነክሶት ወይም ጥርሱ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፡፡ መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል፡፡ ይህን በደንብ ለማስረዳት በአገራችን ከጋሞ ዞን የተሻለ ቦታ አላገኘሁም፡፡

ለምን ጋሞ?

ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ የተመላለሰ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም፡፡ ከዶርዜና ከጨንቻ ማር፣ ከየቤቱ ዳጣ በጠርሙስ ተይዞ ይመጣል፡፡ ዳጣ ለማያውቅ አንባቢ፦ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ የሚያቃጥል ማባያ ነው፡፡ ዶርዜ ላይ ለእንግዳ ከቆጮ ጋር ማርና ዳጣ ይቀርባል፡፡ አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ የሐይቁ ዓሣ ያለ ዳጣ ጎደሎ ነው፡፡

የአካባቢው አቀማመጥ ለጉዳያችን ዋናው ነገር ነው፡፡ አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፡፡ ጨንቻ ከእርሷ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል፡፡ ጠመዝማዛውን ዳገት ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ጆሮው ሲደፈንና ሲከፈት ያስታውሳል፡፡ ጆሮውን የደፈነው የአየር ግፊት ለውጥ በሻንጣው ውስጥ ያለውን የማር ጠርሙስም አይምርም፡፡

አየር ስንት ይመዝናል?

አየር ክብደት አለው፡፡ በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ ጅቡቲ ላይ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1,030 ግራም ያህል ይጫናል፡፡ ከፍታው ሲጨምር ከላይ ያለው አየር ስለሚቀንስ ጫናውም ይቀንሳል፡፡ በአርባ ምንጭ 885 ግራም ገደማ፣ በአዲስ አበባ 775 ግራም ገደማ፣ በጨንቻ 740 ግራም ገደማ ነው፡፡

ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ መካከለኛ የጠርሙስ ክዳን ስፋቱ 38 ካሬ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል፡፡ አሁን አንድ ሰው ጨንቻ ላይ ማር ገዝቶ፣ ጠርሙሱን አጥብቆ ዘግቶ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ እንበል፡፡ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር የጨንቻ አየር ነው፤ ከውጭ የሚጫነው ግን የአርባ ምንጭ ነው፡፡ ልዩነቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 145 ግራም ነው፡፡ በክዳኑ ስፋት ሲባዛ 5 ኪሎ ግራም ተኩል ይሆናል፡፡ የአርባ ምንጭ ሙቀት የውስጡን አየር ስለሚያስፋፋው ጥቂት ያካክሳል፤ ቢሆንም ወደ 4 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጭነት ክዳኑ ላይ ይቀራል፡፡ ማሩን የሸጡት እናት በእጃቸው የዘጉትን ክዳን ጎረምሳ የማይከፍትበት አንዱ ምስጢር ይኸው ነው፡፡

ተቃራኒውም አለ፡፡ አርባ ምንጭ ላይ የተዘጋ ዳጣ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የውስጡ አየር ከውጭው ይበረታል፡፡ ክዳኑን ወደ ላይ ይገፋል፡፡ ክዳኑ ደካማ ከሆነ በጥርሱ በኩል ይተነፍሳል፣ ዘይትም ይዞ ይወጣል፡፡ መንገደኛው ሻንጣውን ሲከፍት ሸሚዙ ዳጣ ዳጣ የሚሸተው ሁልጊዜ ሾፌሩ በጉድጓድ ስለነዳ አይደለም፡፡

በፋብሪካ የታሸገው ማርማላታና የቲማቲም ድልህ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፡፡ ምግቡ በትኩሱ ተሞልቶ ይዘጋል፡፡ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውኃነት ይመለስና ከክዳኑ ሥር ያለው ቦታ አየር አልባ ወደ መሆን ይጠጋል፡፡ ለምሳሌ ያህል የውስጡ ግፊት የባሕር ጠረፉ ግማሽ ነው ብንል፣ ያው ጠርሙስ ጨንቻ ላይ 9፣ አዲስ አበባ ላይ 10፣ አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ 14 ኪሎ ግራም ገደማ ተጭኖት ይገኛል፡፡ ይህ ክዳኑን ወደ ታች የሚጫነው ኃይል ነው እንጂ ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገው አይደለም፡፡ ነገር ግን ጭነቱ በበረታ ቁጥር በክዳኑና በጠርሙሱ አፍ መካከል ያለው ሰበቃ ይበረታል፡፡ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በቀላሉ የሚከፈት የማርማላታ ዓይነት አርባ ምንጭ ላይ ቢያስቸግር የሚገርም አይደለም፡፡

ምክንያቱን እንዴት እንለያለን?

ከመታገል በፊት ግማሽ ደቂቃ መመልከት ይበቃል፡፡

1ኛ. ክዳኑ መሐሉ ላይ ወደ ውስጥ ከሰረጎደና ጠርሙሱ ከዚህ በፊት ካልተከፈተ፣ የያዘው አየር ነው፡፡ ይህ መልካም ምልክት ነው፤ እሽጉ አልተነካም ማለት ነው፡፡

2ኛ. ጠርሙሱ ከዚህ በፊት ተከፍቶ የሚያውቅ ከሆነና የያዘው ማር ወይም ማርማላታ ከሆነ፣ ጥፋተኛው በአብዛኛው ስኳር ነው፡፡ በአፉ ዙሪያ የፈሰሰው ማር ጥርሱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፡፡ የደጋ ማር በብርድ ሲረጋ ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል፡፡

3ኛ. የክዳኑ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ከተገኘ ዝገት ነው፡፡ ዳጣ ጨው አለበት፣ አንዳንዱ ሎሚም ይገባበታል፡፡ ሁለቱም የቆርቆሮ ክዳን ጠላቶች ናቸው፡፡

4ኛ. ክዳኑ በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ከታየ ጥርሱ ሳይገጣጠም ተጠምዟል፡፡ ይህን ወደ ፊት ማጥበቅ ነገር ማባባስ ነው፡፡

5ኛ. ክዳኑ ወደ ላይ ካበጠ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ፡፡

መድኃኒቱ

ለሁሉም የሚጠቅመው የመጀመሪያ እርምጃ እጅንና ክዳንን ማድረቅ ነው፡፡ ዘይት የነካው እጅ የቱንም ያህል ቢበረታ ይንሸራተታል፡፡ ቀጥሎ የሚይዝ ነገር መፈለግ ነው፡፡ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት፣ የብር ማሰሪያ ላስቲክ ሁለት ሦስቴ ክዳኑ ላይ መጠምጠም፣ ወይም ከጎማ ጠጋኝ ቤት የሚገኝ የካላማዳሪ ቁራጭ ይበቃል፡፡ ደረቅ ፎጣ ከእነዚህ ያንሳል፡፡ ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ ማስቀመጥና ከላይ ሆኖ መጠምዘዝ ደግሞ የእጅን ብቻ ሳይሆን የትከሻን ጉልበት ለመጠቀም ያስችላል፡፡

የያዘው አየር ከሆነ አየር ማስገባት ነው እንጂ መታገል አያስፈልግም፡፡ የትንሽ ማንኪያ ጫፍ በክዳኑ የታችኛው ጠርዝና በጠርሙሱ መካከል አስገብቶ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ መሳብ፣ ካልሆነ ትንሽ ዞር ብሎ በሌላ ቦታ መድገም፡፡ «ጧ» የሚል ድምፅ ሲሰማ አየሩ ገብቷል፡፡ ከዚያ በኋላ ሕፃንም ይከፍተዋል፡፡ ማንኪያ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ቢላዋ ከሾለከ የሚያርፈው ጠርሙሱን በያዘው እጅ ላይ ነው፡፡

የያዘው ስኳር ከሆነ ሙቅ ውኃ ነው መድኃኒቱ፡፡ ጠርሙሱን ገልብጦ ክዳኑ ብቻ እስኪጠልቅ በሙቅ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ አድርቆ መጠምዘዝ፡፡ ጥርሱ ውስጥ የደረቀው ማር ይሟሟል፡፡ የክዳኑን ጠርዝ ዙሪያውን በማማሰያ እጀታ ቀስ ብሎ መምታትም የደረቀውን ስኳር ይሰነጣጥቀዋል፡፡

ስለ ሙቅ ውኃ በየቤቱ የሚነገረው ትንታኔ ብረት በሙቀት ከመስታወት ይበልጥ ይለጠጣል የሚል ነው፡፡ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሲሰላ ለ7 ሴንቲ ሜትር ክዳን ልዩነቱ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው፡፡ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ሌላ ነው፡፡ ሙቀቱ ስኳሩን ያሟሟል፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን ማሸጊያ ጎማ ያለሰልሳል፣ በውስጥ የቀረውንም አየር አስፋፍቶ የውጩን ጫና ይቀንሳል፡፡ ስለዚህ ክዳኑን በክብሪት ማቃጠል ትርጉም የለውም፤ ማሸጊያውን አቅልጦ ምግቡ ውስጥ ከመጨመር በቀር፡፡

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፡፡ ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ የፈላ ውኃ ውስጥ አይገባም፡፡ መስታወት ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይወድም፣ ይሰነጠቃል፡፡ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት እንዲይዝ መተው፣ ውኃውም እጅ የሚችለው ዓይነት ሙቅ እንዲሆን ማድረግ ይበቃል፡፡

የያዘው ዝገት ከሆነ በጠርዙ ዙሪያ ጥቂት የምግብ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ጠርሙሱን አዘንብሎ አንድ ሌሊት መተው ይረዳል፡፡ ሲከፈትም ክዳኑ ተመልሶ አይገጠምም፣ ይጣላል፡፡ ጥርሱ ከተዛባ ደግሞ ከላይ እየተጫኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሽ በትንሹ ማወዛወዝ ነው፡፡

ይህ ሁሉ ካልሠራ የመጨረሻው አማራጭ ክዳኑን መሠዋት ነው፡፡ መሐሉን በሚስማር አንዴ በስቶ አየር ማስገባት፣ ከፍቶ የብረት ፍርፋሪ አለመግባቱን ማየት፣ ምግቡን ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ማዛወር፡፡ የክዳን ዋጋ ከእጅ ስፌት ዋጋ ያንሳል፡፡ የጠርሙሱን ቂጥ በመዳፍ መምታትም የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን የመስታወቱ አፍ ተሸርፎ ከተገኘ ውስጡ ያለው የቱንም ያህል ውድ ማር ቢሆን መደፋት አለበት፡፡ በወንፊት አጥልዬ እበላዋለሁ የሚል ሰው የማይታየውን ስባሪ ረስቶታል፡፡

በቀላሉ የተከፈተውን መፍራት

እስካሁን ያወራነው ስለ እምቢተኛው ክዳን ነው፡፡ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በቀላሉ የተከፈተው ወይም ያበጠው ነው፡፡

አየር ከልክሎ ምግብ ማቆየት ለጋሞ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ቆጮ በኮባ ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት በጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው አየር እንዳያገኘው ነው፡፡ በመስታወት ዕቃ ምግብን አፍልቶ ማሸግን ለዓለም ያስተዋወቀው ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ሲሆን፣ ዘዴውን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው፡፡ የሚጠመዘዝ ክዳን ላለው የመስታወት ዕቃ አሜሪካዊው ጆን ማሰን የፈጠራ መብት ያገኘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1858 ነው፡፡

አየር መከልከል ግን ሁሉንም ተሕዋስያን አይገድልም፡፡ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ የሚመቸው እንዲያውም አየር የሌለበት፣ ኮምጣጣነቱ ያነሰ ምግብ ነው፡፡ የሚያመነጨው መርዝ ነርቭን ያሽመደምዳል፣ ትንፋሽ እስከ ማቆም ይደርሳል፡፡ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ያለ ማቀዝቀዣ ሲቀመጥ ይህ ባክቴሪያ የሚመኘውን ቤት ያገኛል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በአንድ ምግብ ቤት በዘይት የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት 36 ሰዎችን በዚህ ሕመም ጥሏል፡፡

ይህን የምለው ዳጣን ለማስጠላት አይደለም፡፡ ዳጣ ወዳጅ ነኝ፡፡ ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ያለበት፣ በዘይት የተሸፈነ ማባያ በአርባ ምንጭ ሙቀት መደርደሪያ ላይ ለሳምንታት መክረም የለበትም፡፡ በትንሽ በትንሹ ማዘጋጀት፣ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጨረስ ይሻላል፡፡ ክዳኑ ያበጠ፣ ሲከፈት የሚፈነዳ ወይም አረፋ የሚደፍቅ ጠርሙስ አይቀመስም፡፡ «ትንሽ ልቅመሰውና ልየው» ማለት አይገባም፤ መርዙ ብዙ ጊዜ ጣዕምም ሽታም የለውም፡፡ በዚህ ምክንያት የክዳኑ ማበጥ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ አለማበጡ ሙሉ ዋስትና አይደለም፡፡

እዚህ ላይ ከፍታን ማስታወስ ይጠቅማል፡፡ ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ የደረሰ ጠርሙስ ክዳኑ ትንሽ ቢያብጥ ምክንያቱ የግፊት ልዩነት ሊሆን ይችላል፡፡ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ ወርዶ ሳለ ያበጠ ክዳን ግን ከፍታ አያመካኝም፤ መስረጎድ ሲገባው አብጧልና፡፡ ጥርጣሬ ካለ መጣሉ ይበጃል፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፡፡ አያይዞም ጉዳቱን ያመጣው ጉድለት በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ አምራቹ ኃላፊ እንደማይሆን ይገልጻል፡፡

ሁለቱም ሐረጎች በቀጥታ ክዳናችንን ይመለከታሉ፡፡ ክዳንን በእጅ መጠምዘዝ የተለመደ አጠቃቀም ነው፡፡ እንዲህ ሲደረግ ጠርሙሱ በራሱ ጉድለት ተሰብሮ እጅ ቢቆርጥ አምራቹን መጠየቅ ይቻላል፡፡ በመዶሻ መምታት ግን የተለመደ አጠቃቀም ነው ብሎ መከራከር ለጠበቃም ይከብዳል፡፡ እንደዚሁም ያበጠ ክዳን ማንም ቢያየው የሚያውቀው ጉድለት ነው፡፡ አይቶ እንዳላየ ሆኖ የበላ ሰው ጤናውን ብቻ ሳይሆን ክርክሩንም አደጋ ላይ ይጥላል፡፡ እንደ እኔ አረዳድ ድንጋጌው ትልቅ ፋብሪካንና በቤቱ ዳጣ አዘጋጅቶ የሚሸጥን ሰው አይለይም፤ ሁለቱም ሠርተው ለትርፍ ያቀርባሉ፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡ ለቤት ውስጥ ነጋዴዎቻችን ይህ ከባድ ሸክም አይደለም፡፡ የተዘጋጀበትን ቀንና «በማቀዝቀዣ ይቀመጥ» የሚል ቃል የያዘች ቁራጭ ወረቀት ጠርሙሱ ላይ መለጠፍ ጥሩ ጅምር ነው፡፡

እንዳይያዝ ለማድረግ

ክዳን ከመዝጋት በፊት የጠርሙሱን አፍና ጥርስ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከሁሉም ይበልጣል፡፡ ለማር በአፉና በክዳኑ መካከል ንጹሕ የፌስታል ቁራጭ ማድረግ መጣበቅን ይከላከላል፡፡ ክዳን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ይጠምዘዝ፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ምግቡን ደኅና አያደርገውም፡፡ ለዳጣ ከቆርቆሮ ይልቅ የፕላስቲክ ክዳን ይሻላል፣ አይዝግምና፡፡ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ማር ቤት እንደደረሰ አንዴ ተከፍቶ አየር አግኝቶ መዘጋት አለበት፤ ያኔ የቆላው አየር ይገባና ክዳኑ ሸክሙ ይቀልለታል፡፡

ይህን የመጨረሻውን ምክር በተለይ ለብቻቸው የሚኖሩ ወላጆች ላሏቸው አንባብያን አደራ እላለሁ፡፡ የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው አዛውንት ልጃቸው ከመስክ ያመጣላቸው ማር ሊከፍቱት ካልቻሉ ስጦታው ቁም ሳጥን ውስጥ ይከርማል፤ ወይም በቢላዋ ሲታገሉ እጃቸውን ይቆርጣሉ፡፡ ማሩን አስረክበን ከመውጣታችን በፊት ክዳኑን ከፍተን፣ አፉን ጠርገን፣ ለእጃቸው በሚበቃ ልክ መልሰን ብንገጥምላቸው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብንም፡፡